እውነተኛው ዶክተር ማን ነው?

(ስለ አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርሰትና ስለ ተመልካቾቹ ቍጣ)

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ በቤታችን የተነሣ አንድ ክርክር ነው። በ2024 ክረምት ለንደን የምትኖረው አክስቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትጠይቀን መጥታ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ነገሩ የእነርሱ ስለ ሆነ እንዳይምታታብን ብዬ ነው።) አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ቡና ተፈልቶ እንደ ተቀመጥን፣ ወንዱ ልጅ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ «ዶክተር ሁ» የተባለውን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት አሳየን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ አባትና ልጅ ተጣሉ።

አባትየው በ1975 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ ከወላጆቻቸው ጋር እንግሊዝ አገር የገቡ ሰው ናቸው። «እውነተኛው ዶክተር ያ ረጅም የአንገት ሻርፕ የሚጠመጥመው ቶም ቤከር ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ አስመሳዮች ናቸው» አሉ። ዕድሜው 26 የሆነው ልጃቸው ደግሞ፣ «አባዬ፣ ያንተ ዘመን ጭራቆች እኮ ከካርቶን የተሠሩ ናቸው! እውነተኛው ዴቪድ ቴናንት ነው» ብሎ መለሰ። በዚህ ጊዜ የ12 ዓመቷ ታናሽ እኅቱ ፈንዲሻዋን እየቈረጠመች፣ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ዶክተሩ ሴት ናት» አለች። ቋንቋውን የማያውቁት አያቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ «ለመሆኑ ይህ ሐኪም እስካሁን ማንን አዳነ?» ብለው ጠየቁና ሁላችንም ሣቅን።

እንግዶቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነገሩ ከንክኖኝ አያሌ ክፍሎችን ተመለከትሁ፤ ስለ ድርሰቱ ታሪክ የተጻፈውንም አነበብሁ። ያገኘሁት ነገር በክርክሩ ጊዜ ከገመትሁት የተለየ ስለ ሆነ ለጓደኞቼም ለወላጆችም ቢነገር አይጠላም ብዬ አሰብሁ።

አስቀድሞ ድርሰቱ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። «ሁ» በእንግሊዝኛ «ማን» ማለት ነው። የድርሰቱ ዋና ሰው ስሙ አይታወቅም፤ «እኔ ዶክተሩ ነኝ» ሲል ሰሚው «ዶክተር ማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የድርሰቱም ስም ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ሰው የምድራችን ሰው አይደለም። በጊዜም በጠፈርም ውስጥ የሚጓዝበት ታርዲስ የተባለ መኪና አለው። ታርዲስ በውጭ ሲታይ፣ በድሮ ዘመን በለንደን ጐዳናዎች ላይ ቆሞ ፖሊስና ሕዝብ ወደ ጣቢያው ስልክ ይደውሉበት የነበረውን ሰማያዊ ሣጥን ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ከአዳራሽ የሰፋ ነው። ዶክተሩ በዚህ ተሳፍሮ ዛሬ ወደ ጥንት ሮም፣ ነገ ወደ ሩቅ ከዋክብት ይሄዳል፤ ክፉዎችን የሚያሸንፈው ግን ብዙውን ጊዜ በጠመንጃ ሳይሆን በብልኀትና በንግግር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በቢቢሲ የታየው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ይህም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ በማግሥቱ ስለ ነበረ የሰው ሁሉ ልብ ወደዚያ ሄዶ ነበርና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው ክፍል ከመታየቱ በፊት የመጀመሪያው እንደ ገና ታየ። ድርሰቱን ያሰበው ሲድኒ ኒውማን የተባለ ካናዳዊ የድራማ ክፍል ኀላፊ ነበረ። አሳቡም ልጆች እየተዝናኑ ታሪክና ሳይንስ እንዲማሩ ነበርና፣ ከዶክተሩ ጋር ከሚጓዙት ሰዎች ሁለቱ መምህራን እንዲሆኑ ተደረገ፤ አንደኛው የሳይንስ፣ ሁለተኛይቱ የታሪክ። (መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።) ኒውማን ዓይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች በድርሰቱ ውስጥ እንዳይገቡ አጥብቆ ከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ቬሪቲ ላምበርት የተባለችው ወጣት አዘጋጅ፣ ሥራው ገና አንድ ወር ሳይሆነው፣ ቴሪ ኔሽን የጻፋቸውን «ዳሌክ» የተባሉ በብረት ቀፎ ውስጥ የሚኖሩ ጨካኝ ፍጥረቶች አስገባች። አለቃዋ ተቈጣ። የተመልካቹ ቍጥር ግን እጅግ ጨመረ፤ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ግቢ የዳሌክን ድምፅ እያስመሰሉ ይጮኹ ጀመር። እንግዲህ በለውጥ የተቈጣው የመጀመሪያው ሰው የድርሰቱ ፈጣሪ ራሱ ነው ለማለት ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። ዶክተሩን ሆኖ የሚጫወተው ዊልያም ሐርትኔል ጤናው እየደከመ ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በሚደርስበት ጊዜ የተለመደው ወይ ድርሰቱን መጨረስ ነው፤ ወይም ሌላ ተዋናይ አምጥቶ ምንም እንዳልተለወጠ አድርጎ ማለፍ ነው። የድርሰቱ ሠሪዎች ሁለቱንም ትተው ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ኦክቶበር 29 ቀን ሽማግሌው ዶክተር በታርዲስ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ፊቱ በብርሃን ተሸፈነ፤ ብርሃኑም ሲጠፋ በቦታው ሌላ ሰው ተኝቶ ታየ። ይህም ሰው ፓትሪክ ትራውተን ነበረ። የዶክተሩ ወገኖች ሊሞቱ ሲቃረቡ አካላቸውን የሚለውጡ ፍጥረቶች ናቸው ተባለ። ዛሬ ሁሉ ሰው የሚያውቀው «ዳግመኛ መታደስ» የሚለው ስም ግን የወጣለት ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው።

ይህ ብልኀት ዛሬ ስለ ተለመደ ቀላል ይመስለናል። በዚያን ጊዜ በነበረ ተመልካች ቦታ ሆነን እንየው እስቲ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የምታውቀው ነጭ ጠጕር ያለው፣ ቍጡና ኵሩ ሽማግሌ በድንገት ሄደ፤ በእርሱ ፈንታ ሱሪው የሰፋው፣ ጠጕሩ የተንጨባረረ፣ ዋሽንት መሳይ ነገር የሚነፋ አጭር ሰው መጥቶ «ያ ሰው እኔ ነኝ» ይልሃል! ቢቢሲ የተመልካቾችን አስተያየት ይሰበስብ ነበርና ካማረሩት አንዳንዶቹ ክቡሩን ሽማግሌ ቀልደኛ አደረጋችሁት ብለው ነበር። ትራውተን ግን ሦስት ዓመት ተጫውቶ በ1969 ሲሄድ፣ በእርሱ ያደጉት ልጆች ደግሞ ከእርሱ ሌላ ዶክተር የለም ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ የአያቴ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ማታ ማታ ተረት ይነግሩን ነበር። አንድ ቀን ደክሟቸው ነው መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ጅብ የሚሉትን ቀበሮ ብለው ቢናገሩ ሁላችንም ጮኽንባቸው። «ተረቱ የእኔ አይደለም እንዴ?» አሉ። ታናሽ ወንድሜ «ከነገሩን በኋላ የእኛ ነው» አላቸው። ትንሽ ልጅ ነበረና ብዙ አስቦ የተናገረው አይመስለኝም፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ተመልካቾች በ60 ዓመት ውስጥ በጋዜጣም በስብሰባም ሲናገሩት የቈዩት ከዚህ የተለየ አይደለም። ድርሰቱን የሚጽፉትና ገንዘቡን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው፤ የሚያስታውሱት ግን እነርሱ ናቸው።

ከቍጣዎቹ ሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የ1976ቱ ነው። በዚያ ዓመት ሮበርት ሆልምስ የተባለው ደራሲ፣ ሽፋን ሳይቀር ዶክተሩን ወደ ትውልድ አገሩ መልሶ ወገኖቹን «የጊዜ ጌቶች» የተባሉትን አሳየ። እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ እነዚህን ሰዎች እንደ ታላላቅና ምስጢራዊ ኀያላን ይቈጥራቸው ነበር። ሆልምስ ግን ሥልጣን የሚሻሙ፣ ጕልበታቸው የሚያማቸው፣ ጉዳያቸውን በተንኮል የሚፈጽሙ ሽማግሎች አድርጎ አቀረባቸው። በዚያው ዓመት የተመልካቾች ማኅበር ተቋቍሞ ነበርና፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የድርሰቱ አስማት ወዴት ጠፋ እያለ በብርቱ የሚነቅፍ ሐተታ ጻፈ። ዛሬስ? ያ ድርሰት ከምርጦቹ አንዱ ተብሎ ይቈጠራል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ደግሞ አለ። አንድ የጊዜ ጌታ 12 ጊዜ ብቻ መታደስ ይችላል የሚለው ሕግ በመጀመሪያ የተነገረው በዚሁ በተነቀፈው ድርሰት ውስጥ ነው። ይህ በአንድ ደራሲ ብዕር የገባ ቃል ከጊዜ ብዛት እንደ ሕገ መንግሥት ስለ ተከበረ፣ በ2013 የገና ዕለት በታየው ክፍል ለዶክተሩ አዲስ ዕድሜ የሚሰጥበት ምክንያት መፈለግ ግድ ሆነ። በ1976 ድርሰቱን አበላሸ የተባለው በ2013 ሊጣስ የማይገባው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እንዲያውም የጊዜ ጌቶች ራሳቸው ከመጀመሪያው የነበሩ አይደሉም። በመስኮቱ የታዩት በ1969 ነው፤ ጋሊፍሬ የተባለው የአገራቸው ስም የተጠራውም በ1973 ነው። ከ1963 እስከ 1969 ድርሰቱን በፍቅር ያዩ ሰዎች ስለ እነዚህ ምንም አያውቁም ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ቢቢሲ ድርሰቱን ለ18 ወር አቋርጣለሁ ብሎ ባስታወቀ ጊዜ የተነሣው ጩኸት ሌላ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ሰዎቹ ለለውጥ ሳይሆን ለማቋረጡ ተቈጡ፤ ዘፈን ደርሰው በሸክላ እስከ ማሳተም ደረሱ። (ዘፈኑን ሰምቼዋለሁ፤ አሳባቸውን ባመሰግንም ዜማውን ግን አላመሰግንም።) ድርሰቱ በ1986 ተመልሶ በ1989 ቆመ። ከዚያም፣ በ1996 ከታየው አንድ ፊልም በቀር፣ እስከ 2005 ድረስ በቴሌቪዥን አዲስ ሥራ አልነበረውም።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲነገር ነገር ፈላጊዎች ናቸው ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ትክክል አይመስለኝም። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙዎቹን የጥንት ክፍሎች ዋጋ የላቸውም ብሎ ቴፖቹን ደምስሷቸዋል። ነገር ግን በቤታቸው ተቀምጠው የቴፕ መቅረጫቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርገው ድምፁን የቀዱ ወጣቶች ነበሩና፣ ሥዕላቸው የጠፋው ክፍሎች ድምፅ ዛሬ ሁሉም ይገኛል። በ2013 ደግሞ ከትራውተን ዘመን የጠፉ 9 ክፍሎች ከናይጄሪያ መገኘታቸው ተነገረ። ባለቤቱ የጣለውን ያነሣና ያስቀመጠ ሰው፣ «ድርሰቱ የእኔም ነው» ቢል ማን ሐሰት ነው ይለዋል?

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልናገር። በ1986 ዓ.ም. ማለቂያ ቢቢሲ ተመልካቾች ስለ ፕሮግራሞች አስተያየት የሚሰጡበትን ዝግጅት አቀረበ። ከዶክተር ሁ ወዳጆች የተውጣጡ ወጣቶች ተጋብዘው፣ የዚያን ዓመት ድርሰት ከጻፉት መካከል ሁለቱ፣ ባልና ሚስት የነበሩት ደራሲዎች ባሉበት ነቀፉት። ከነቃፊዎቹ አንዱ ክሪስ ቺብናል የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ድርሰቱ ከዚህ በተሻለ ሊጻፍ ይገባው ነበር ብሎ በድፍረት ተናገረ። ከእኛ ያነሰ ልጅ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሁለት አንጋፋ ደራሲዎችን እንዲህ ሲላቸው አስቡት! ይህ ልጅ አድጎ ደራሲ ሆነ፤ በ2018 የጠቅላላው ድርሰት ኀላፊነት ለእርሱ ተሰጠው።

ቺብናልም የመጀመሪያይቱን ሴት ዶክተር ጆዲ ዊታከርን መረጠ። ጁላይ 16 ቀን 2017 የዊምብልደን የቴኒስ ፍጻሜ እንዳለቀ ይህ በተነገረ ጊዜ የሆነውን ጫጫታ በዝርዝር ለመጻፍ ቦታው አይበቃም። ብዙዎች በደስታ ጮኹ፤ ሌሎች ከእንግዲህ አላይም ብለው ማሉ። በ1980ዎቹ ዶክተሩን የተጫወተው ፒተር ዴቪሰን፣ ለተዋናይቱ መልካም እየተመኘ፣ ልጆች በጕልበት ሳይሆን በአእምሮው የሚያሸንፍ አንድ የወንድ ምሳሌ አጡ ብሎ ማዘኑን ተናገረ። ከእርሱ ቀጥሎ የተጫወተው ኮሊን ቤከር በዚህ አልተስማማም። እኔ የዴቪሰንን ንግግር አላላግጥበትም፤ በፊልም ሁሉ ጠመንጃ ለሚያነግቡ ጀግኖች ለለመደ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጀግና ብርቅ ነው። ነገር ግን ያክስቴ ልጅ በ6 ዓመቷ ያየችው የመጀመሪያ ዶክተር ሴት ነበረችና ለእርሷ ምንም የጐደለ ነገር የለም። ወንድ ልጅስ ከሴት ምሳሌ መውሰድ አይችልም ያለው ማን ነው? እኛ ከእናቶቻችን አይደለም እንዴ የተማርነው? የዊታከርን የመጀመሪያ ክፍል ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አይቶታል፤ በኋላ ግን ቍጥሩ እየቀነሰ ሄደ።

ከሴትነቷ ይልቅ የቈየው ቍጣ ማርች 1 ቀን 2020 የታየው ክፍል ያመጣው ነው። በዚያ ክፍል ቺብናል የዶክተሩን የልጅነት ታሪክ ለወጠ። ዶክተሩ የጋሊፍሬ ተወላጅ አይደለም፤ ከማይታወቅ ዓለም ተጥሎ የተገኘ ልጅ ነው፤ የመታደስን ኀይል የጊዜ ጌቶች የወሰዱት ከእርሱ ነው፤ ከሐርትኔልም በፊት የረሳቸው ብዙ ሕይወቶች ነበሩት ተባለ። እነሆ በ1986 ደራሲዎችን የነቀፈው ልጅ አሁን በደራሲዎቹ ወንበር ተቀምጦ ነቀፌታውን ተቀበለ።

ስለዚህ ነገር የራሴን ልናገር። እኔም በዚያ ክፍል አዝኛለሁ። ያዘንሁትም ሕጉ ፈረሰ ብዬ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ በ1969ና በ1976 የተጨመረ መሆኑን አሁን ዐውቃለሁ። ያዘንሁት ዶክተሩን የወደድሁበት ምክንያት ተነካብኝ ብዬ ነው። ዶክተሩ ከወገኖቹ መካከል አንዱ ተራ ሰው ነበረ፤ አሮጌ መኪና ሰርቆ የጠፋ፣ ደግ ለመሆን የመረጠ። በልደቱ ከሁሉ የተለየ ነው ከተባለ ግን ምርጫው ምን ዋጋ አለው? ይህን ለያክስቴ ልጅ በስልክ ብነግረው፣ «አንተም ተቈጣህ፤ እንኳን ደስ ያለህ፤ ከእኛ ጋር ተቈጠርህ!» ብሎ ሣቀብኝ።

ሆኖም ሁሉን ቍጣ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። ስለ ድርሰቱ አሠራር የሚቈጣ አለ፤ ስለ ሰውዬው መልክ የሚቈጣም አለ። በሩዋንዳ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገው ንኩቲ ጋትዋ በ2022 ሲመረጥ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገር በቆዳው ቀለም የሰደቡት ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ድርሰቱን እንወዳለን ቢሉ ማመን ይቸግረኛል፤ ሰውየው ፊቱን በሚለውጥበት ድርሰት ውስጥ አንድ ፊት ብቻ ለይቶ መጥላት የድርሰቱን ፊደል አለማወቅ ነው። የጋትዋን ድርሰቶች አይቼ ጥቂቶቹ ደካማ ናቸው የሚል ሰው ግን ሌላ ነው፤ ከእርሱ ጋር ቡና ተፈልቶ ሊከራከሩት ይቻላል። እኔ በበኩሌ ሣቁን ወድጄለታለሁ፤ የሚያለቅስባቸው ክፍሎች ግን በዙብኝ።

ጋትዋም ብዙ ሳይቈይ ሄደ። ሜይ 31 ቀን 2025 በታየው ክፍል ዶክተሩ ሲታደስ የወጣው ፊት የቢሊ ፓይፐር ነበረ። እርሷም ድርሰቱ በ2005 ሲመለስ ሮዝ የተባለችውን የዶክተሩን ጓደኛ ሆና የተጫወተች ናት። ያክስቴ ልጅ ያደገው በዚያ ዘመን ነውና፣ የልጅነቱ ፊት ስለ ተመለሰለት እንኳን ደስ ያለህ ልለው ደወልሁለት።

«ምን ደስ ይለኛል!» አለ በንዴት፤ «አዲስ ሰው ጠፍቶ ነው የድሮዋን መልሰው የሚያመጡት?»

ከኋላው አባቱ ሲሥቁ ይሰማኝ ነበር። ታናሽ እኅቱ ደግሞ ስልኩን ነጥቃው፣ «አልነገርኋችሁም? ሴት ናት!» አለች።